አርባ ሁለተኛው ገለፈት

በ2091 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ውስጥ መዳብ ሳይነካ ሰው የሚጨብጥ የለም። ሙሽሮች ቀለበት ከማጥለቃቸው በፊት መዳብ ይነካሉ። ለቀስተኛም ድንኳኑ በር ላይ በተተከለችው የመዳብ ዘንግ ላይ እጁን አሳርፎ ነው ገብቶ "እግዚአብሔር ያጥናችሁ" የሚለው። ልማዱ የወጣው ከማጥሪያ ቤቶቹ ነው። በየሰፈሩ አንድ ማጥሪያ ቤት አለ፤ በየማጥሪያ ቤቱም ስድስት መቶ ሊትር አልኮል ይቀመጣል። ለአልኮል ደግሞ ከናይለን ሹራብ ተፈናጥራ የምትወጣ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

ሶልያና በየማለዳው በር ላይ ሹራቧን ታወልቃለች። የጆሮ ጌጧን፣ ስልኳንና የፀጉር መያዣዋን ሣጥን ውስጥ ትከታለች፤ የጥጥ ቀሚስ ትለብሳለች፤ ባዶ እግሯን መዳብ ሰሌዳው ላይ አቁማ እስከ አምስት ትቆጥራለች። ከዚያ ትገባለች። በዚያ አገር ብርድ ይህ ቀልድ አይደለም።

ዕድሜዋ ሃምሳ ስምንት ነው። የምርኩዝ እድር ማጥሪያ ቤት ጠባቂ ሆና ስትሠራ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት አረቄ ታወጣ ነበር፤ ሙያውም የእናቷ ነው። እድሩ ለቦታው ሰው ሲፈልግ አራት የተማሩ ሰዎች ተወዳድረው ነበር። እሷን ያስመረጣት አፍንጫዋ ነው። አንዱ የቱቦ መገጣጠሚያ አልኮል መተንፈስ ሲጀምር ማሽኑ ሳያውቅ እሷ ታውቃለች።

እድር ዱሮ ሰው ይቀብር ነበር። አሁንም ይቀብራል፤ ዋና ሥራው ግን ሰው ቶሎ እንዳይቀበር ማድረግ ሆኗል። መድኃኒት ከሱቅ መግዛት ከቀረ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ ሰው በደሙ ልክ፣ እዚያው ሰፈሩ ውስጥ ይሠራል። ስሙም የሰውየው ስም ነው። "የእማማ ኤልዳና አልቋል"፣ "የናሆም ሐሙስ ይደርሳል" ይባላል። በአያቶቻቸው ጊዜ የሕፃን ስም የነበሩት ኤልዳናና ናሆም አሁን ምርኩዝ ይዘው የሚሄዱ ሰዎች ስም ሆነዋል።

መድኃኒት መሥራቱ ቀላል ነው፤ ጋኑ ራሱ ያበስለዋል። ጣጣው ማጥራቱ ላይ ነው። መድኃኒቱ ሲወጣ አልኮል ውስጥ እንደሟሟ ነው፤ አብሮት ደግሞ ከሥራው የተረፈ ቢጫ መርዝ አለ። እንደ አረቄ በእሳት አይለይም፤ ሙቀት ካየ መድኃኒቱ ራሱ ይበላሻል። ስለዚህ በገለፈት ይጠራል። ገለፈት ብሎ ስም ያወጣለት ሰፈርተኛው ነው፤ ከሽንኩርት ገለፈት የሳሳ ነገር ነውና። አልኮሉ በግፊት ሲገፋ ትንንሹ መርዝ በገለፈቱ ሾልኮ ይወጣል፤ ትልቁ መድኃኒት ወዲህ ይቀራል። እንደገና ንጹሕ አልኮል ይጨመራል፤ እንደገና ይገፋል። ልብስ እንደማለቅለቅ ነው፤ ስምንት ጊዜ። ቱቦው ላይ የተተከለች አንዲት የመስታወት ዓይን የቀረውን መርዝና መድኃኒት በቁጥር ትናገራለች። መርዙን ከሦስት በላይ ካለች መድኃኒቱ ይደፋል።

ገለፈቱ በዓመት አንዴ በቆርቆሮ ታሽጎ ከባሕር ማዶ ይመጣል። በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ የምርኩዝ እድር ገለፈት ተቀደደ። አዲስ እንዲላክ ተጠየቀ። የመጣው መልስ ሁለት ቃል ነበር፦ ሰባት ወር።

የሶልያና ባል ሱራፌል በየእሑዱ አንድ እንክብል ይውጣል። ያለሱ ደሙ እየረጋ ይሄዳል። የቀሩት እንክብሎች ሁለት ነበሩ።

*

ሶልያና አንድ ተስፋ ነበራት፤ ሰፈሩ ግን ሲስቅበት ሁለት ዓመት ሆኖታል። ተስፋዋ ጋሼ ያፌት ይባላሉ። የሰባ አንድ ዓመት ሰው፣ የአንኮበር ተወላጅ፣ ከአባት ከአያታቸው ጀምሮ ብራና ፋቂ ናቸው። ቆዳ አሳስቶ መወጠርን የሚያህል ሌላ ጥበብ ዓለም ላይ ያለ አይመስላቸውም። "ሰው የሠራውን ገለፈት ሰው ይሠራዋል" አሏት አንድ ቀን፤ ያኔ ተጀመረ።

ጥጥ በሚያሟሟ ፈሳሽ ያሟሟሉ። የሟሟውን መስታወት ላይ አፍስሰው በብርጭቆ ዘንግ ስስ አድርገው ይስቡታል። መስታወቱን ውኃ ውስጥ ሲያሰጥሙት ጥጡ ረግቶ ስስ ቆዳ ይሆናል። ቢያንስ መሆን ነበረበት። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ሲነኩ ተቀደዱ። ቀጥለው የመጡት ደግሞ ተሰነጣጥቀው መድኃኒቱንም መርዙንም አብረው አሳለፉ። የመጨረሻዎቹ ስድስት ለዓይን የሚያሳሱ ነበሩ፤ እንከን የላቸውም፤ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። የእድሩ ዳኛ አቶ ናሆም በር ላይ ባለፉ ቁጥር "ይሄ ሁሉ ጥጥ ለፈትል ቢውል ኖሮ እስካሁን ለእድሩ በሙሉ ጋቢ ይወጣው ነበር" ይሉ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት አርባ አንደኛው ተገጠመ። ሶልያና ግፊቱን ከፍ አደረገች። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ። ማሽኑ አቃሰተ። ከታች የተደቀነው ብርጭቆ ደረቅ እንደሆነ ቀረ።

"ድንጋይ ነው" አለች። እንባዋ መጣባት። "ሁለት እሑድ ነው የቀረኝ ጋሼ ያፌት። ሁለት!"

"አይዞሽ ልጄ" አሉ እሳቸው። ገለፈቱን አውጥተው በብርሃን አዩት፤ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። "ምኑ ነው የጎደለው? ስስ ነው። እኩል ነው። ውጥር ነው። እንዲህ ያለ ቆዳ አባቴ ቢያየው ያለቅስ ነበር።"

ሶልያና አፍንጫዋን እየጠረገች ገለፈቱን ተቀበለቻቸው። ጣቷ ላይ ቀለል ብሎ ተንኮሻኮሸ። ቆም አለች።

"የት ነው ያደረው?"

"ምኑ?"

"ይሄ። ከውኃ ከወጣ በኋላ የት አደረ?"

"የት ያድራል? መወጠሪያው ላይ ነዋ፤ መስኮት ስር።"

"ደርቆ?"

"ታዲያ እርጥብ ቆዳ ቆዳ ይባላል እንዴ?" ቅር አላቸው። "ቆዳ ተወጥሮ ካልደረቀ እኮ ይሸበሸባል።"

"አርባ አንዱም እንደዚህ ደርቀው ነው የመጡት?"

"አርባ አንዱም!" አሉ በኩራት።

ብራና ፋቂ "አደረቅሁት" ብሎ አይናገርም፤ ሰው "ተነፈስኩ" ብሎ እንደማይናገረው ሁሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥጡን ቀይረዋል፤ ውኃውን ቀይረዋል፤ ዘንጉን ቀይረዋል። ሌሊት ሌሊት መስኮት ስር የሚሆነውን ግን እሳቸው አልነገሯት፣ እሷ አልጠየቀቻቸው።

"ጋሼ ያፌት" አለች፤ ከቁጣ ይሁን ከሳቅ ለራሷም አልታወቃትም። "ይሄ የሚጻፍበት አይደለም፤ የሚጣራበት ነው! ቀዳዳ አለው፤ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ። ሲደርቅ ተጨፈነ! አርባ አንድ ጊዜ ሠርተን አርባ አንድ ጊዜ ጨፈንነው!"

ሽማግሌው ግንባራቸውን በመዳፋቸው መታ አደረጉ።

"እኔን ይድፋኝ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እንዲህ ነው!"

"ጅቡ ገና አልሄደም" አለች ሶልያና ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ። "ይነሱ፤ ጥጥ እናሟሟ።"

*

አርባ ሁለተኛው ረቡዕ ተሳበ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጋሼ ያፌት ተማሪ፣ ሶልያና አስተማሪ ሆኑ። አዲስ ጋን ተገዝቶ እንደመጣ ድፍድፍ አይገባበትም፤ መጀመሪያ ይሟሻል። ይህን እንኳን እሷ፣ አረቄ ጠጥቶ የማያውቅ ሰውም ያውቀዋል። ገለፈቱም ሊሟሽ ነው።

ከውኃው ሳያወጡ በሣህን አዛወሩት። ውኃው ላይ ጥቂት አልኮል ጨመረችበት። ከሰዓት በኋላ ትንሽ ጨመረች። ሐሙስ ጠዋት እኩል በእኩል አደረገችው። በየመሀሉ ጎንበስ ብላ ታሸተዋለች፤ ጋሼ ያፌት ደግሞ ትንፋሻቸውን ይዘው ይመለከታሉ።

"በአንዴ ብታስገቢውስ?"

"ይኮማተራል። ጠጥቶ የማያውቅ ሰው መጀመሪያ ቀን ዳግመኛ የወጣ አረቄ ቢሰጡት ምን ይሆናል?"

"ይዘፍናል።"

"ከዘፈነ በኋላስ?"

"ልክ ነሽ" አሉና እጃቸውን ሰበሰቡ። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

ዓርብ ቀትር ላይ ገለፈቱ ንጹሕ አልኮል ውስጥ ተዘርግቶ ተኝቶ ነበር፤ አልተሸበሸበም፤ አልተኮማተረም። ሶልያና ጫፉን በሁለት ጣቷ አንስታ ስታየው እንደ ዓሣ ሆድ አበራ። ሌላውን እጇን ከሥሩ አስገብታ ደገፈችው። ከሃያ ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጇን ስታቅፍ እንዲህ ሆና ነበር።

የቀረው ፈቃድ ነው። አቶ ናሆም ከሰዓት በኋላ ሶልያና ቤት መጡ፤ ዱላቸውን በር ላይ አስደገፉ፤ መዳቡን ነኩ፤ ተቀመጡ። ሱራፌል ትራስ ተደግፎ ነበር።

"የሱራፌል ያልጠራ መድኃኒት ያለን አንድ ጋን ነው" አሉ። "ለመብሰል ስድስት ሳምንት ፈጅቷል። ይሄ የጥጥ ነገር መሀል ላይ ቢቀደድ መድኃኒቱ ከመርዙ ጋር ሄደ ማለት ነው። ሌላ እስኪበስል ደግሞ…"

"በሌላ ሰው መድኃኒት ለምን አንሞክረውም?" አለች ሶልያና።

"የማንን? የማን ሚስት ትፈቅድልሻለች?"

እውነታቸውን ነው። ጠባቂ ከሆነች ጀምሮ የሰው ሕይወት እጇ ላይ ነበር፤ ግን ማሽኑ ከባሕር ማዶ፣ ገለፈቱ ከባሕር ማዶ፣ ጥፋት ቢመጣ ጥፋቱም ከባሕር ማዶ ነበር። አሁን ስህተት ቢመጣ የምትሳሳተው እሷ ናት። ፈራች።

"የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል" አሉ አቶ ናሆም ለስለስ ብለው። "ግን እስኪ አስቡበት። እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ ወንድም ነው የምለው።"

ሱራፌል እስከዚያ ድረስ ጣሪያውን ነበር የሚያየው። ዞረ።

"መድኃኒቱ በማን ስም ነው?"

"በአንተ" አሉ ዳኛው።

"እንግዲያው አፍስሱት። ሰባት ወር ቁጭ ብዬ የማየው ጋን ምን ያደርግልኛል? ሚስቴ 'ይሟሻል' ካለች ይሟሻል። የእጇን ሠላሳ ዓመት ጠጥቼ አይቻታለሁ።"

አቶ ናሆም ሳቅ አመለጣቸው። ፈቃዱ ተሰጠ።

*

ቅዳሜ ጠዋት ሶልያና መዳቡ ላይ ቆማ እስከ አምስት ሳይሆን እስከ ሃያ ቆጠረች። ጋሼ ያፌት ከጎኗ ቆመዋል፤ የወጋቸው ብርድ ሳይሆን ጉጉቱ ያንቀጠቅጣቸዋል። በመስታወቱ ግድግዳ ማዶ ሱራፌል ወንበር ላይ፣ አቶ ናሆም አጠገቡ፣ ከኋላቸው ደግሞ ማንም ሳይጠራው የመጣው የእድሩ ሰው ተኮልኩሏል።

ገለፈቱ እርጥቡን ገባ። ጋኑ ተከፈተ። ግፊት አምስት። አሥር። ምንም የለም። አሥራ አምስት። ምንም የለም። ሶልያና ጸሎት ጀምራ መሀሉ ጠፋባት። ሃያ። ሃያ ሁለት።

ጠብ።

ከታች ብርጭቆው ውስጥ አንዲት ቢጫ ጠብታ ተቀመጠች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ጠብታው ክር ሆነ።

"ወረደ!" ብለው ጮኹ ጋሼ ያፌት። "ወረደ እኮ!"

"ዝም ይበሉ!" ሶልያና ብርጭቆውን ነጥቃ ከቱቦው የመስታወት ዓይን ፊት ደቀነችው። ቢጫው መውረዱ ብቻ ምን ዋጋ አለው? መድኃኒቱም አብሮ እየወረደ ከሆነ ባሏን እያፈሰሰችው ነው። ዓይኗ አሰበች። የአንድ ትንፋሽ ጊዜ ነው፤ ለሶልያና ግን አንድ ክረምት ሆኖባት ነበር። መስታወቱ ላይ የመጣው የመድኃኒት ቁጥር ባዶ ነው። ከመድኃኒቱ አንዲት ቅንጣት አላመለጠችም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ሩጫ ነው። ማለቅለቅ ተጀመረ። ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ መርዙ ዘጠኝ መቶ አርባ። ሁለተኛው አራት መቶ። ሦስተኛው መቶ ሰባ። ጋሼ ያፌት ቁጥሩን እየጮኹ ይናገራሉ፤ ከመስታወቱ ማዶ ያለው ሰው እየተቀበለ ወደ ኋላ ያስተላልፋል። ሰባ። ሃያ ስምንት። በአምስተኛው ላይ ሶልያና ድንገት ቀና አለች። አፍንጫዋ ተነፋ።

"የቱ ጋ ነው?"

"ምኑ?" አሉ ሽማግሌው። ማሽኑ ላይ አረንጓዴ መብራቱ እንደበራ ነው።

አልመለሰችላቸውም። በጉልበቷ ተንበርክካ ከቱቦ ወደ ቱቦ እያሸተተች ሄደች፤ በግራ በኩል ካለው ሦስተኛው ብሎን ስር ቆመች። ከነሐስ የተሠራውን ቁልፍ ይዛ ሩብ ዙር አጠበቀችው። ሽታው ጠፋ። ትንሽ ቢቆይ ግፊቱ ይወርድ፣ ገለፈቱም ይላቀቅ ነበር። ማሽኑ እስከ መጨረሻው አልሰማም።

አሥራ ሁለት። አምስት። ስምንተኛው እጥበት ላይ ማዶ ያለው ሰው ሁሉ ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ነበር።

"አንድ" አሉ ጋሼ ያፌት በሹክሹክታ። ከዚያ ግድግዳው እስኪነቃነቅ፦ "አንድ! ሦስት ሳይሆን አንድ!"

ሶልያና እልል አለች። ማጥሪያ ቤት ውስጥ እልልታ ክልክል ይሁን አይሁን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ብሎ የሞከረው የለምና። ጋሼ ያፌት በሰባ አንድ ዓመታቸው ትከሻቸውን መቱ። አቶ ናሆም ዱላቸውን ወደ ላይ ወረወሩ፤ ሲመለስ አልያዙትም። ሱራፌል ብቻ ከወንበሩ አልተነሳም። በመስታወቱ በኩል ሚስቱን እያየ ያለቅስ ነበር።

እሑድ የመጀመሪያውን እንክብል ዋጠ። የእጁ አምባር ከቀይ ወደ አረንጓዴ የሚዞረው በአርባ ደቂቃ ነው፤ የደሙ ነገር በእሱ ይታወቃል። መቶ ሰው የአንድ ሰው ክንድ ከቦ ደቂቃ ቆጠረ። በሠላሳ ስምንተኛው አረንጓዴ ሆነ።

*

ሦስት ሳምንት አለፈ፤ ሌላው ሰው ገና በቆርቆሮው ገለፈት የጠራውን ነው የሚወስደው። በሦስተኛው እሑድ እድሩ ከስብሰባው በኋላ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ነበር። ከገጠር የመጣ እንግዳ የማጥሪያ እድርተኞችን ሻይ ሲጠጡ ሲያይ ይደነቃል፤ የፈላ ብርጭቆ በሙሉ መዳፍ ጨብጠው ነው የሚይዙት። ጉብዝና ነው ይባላል።

ሱራፌል ብርጭቆውን አንስቶ ወዲያው ለቀቀው። ሻዩ ጭኑ ላይ ተደፋ።

"አቃጠለኝ!"

"ምን ሆንክ?" ሶልያና ብድግ አለች።

"ብርጭቆው አቃጠለኝ እኮ ነው የምልሽ!" ይስቃል። ጣቶቹን እየዘረጋ፣ እያጠፈ፣ አንድ በአንድ ያያቸዋል። እጁን ዘርግቶ ጉንጯን ነካ። "ፊትሽ ይሞቃል ሶልዬ። ቆዳሽ… ይሰማኛል።"

"ዱሮስ አይሰማህም ነበር እንዴ?"

ሳቁን ዋጠ።

"ጣቶቼ ከደነዘዙ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው።"

"ምነው ሳትነግረኝ?"

"በእጅሽ አጥርተሽ የምትሰጪኝን መድኃኒት በምን አፌ ልማው?"

ጋሼ ያፌት ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። እሳቸው መድኃኒት አይወስዱም፤ ብርጭቆም በጫፍ ጣታቸው ነው የሚይዙት። "የዚያ የቆርቆሮው ገለፈት ጀርባው በሙጫ የተለጠፈ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "አልኮል ደግሞ ሙጫ ያሟሟል፤ ሙጫውን ስትውጡ ኖራችኋል። የኛ ጥጥ ብቻ ነው።"

"የመስታወት ዓይኗ ግን ሁልጊዜ ከሦስት በታች ነበር የምትለው" አሉ አቶ ናሆም።

"ዓይኗ እይ የተባለችውን ነው የምታየው" አለች ሶልያና። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። "ቢጫውንና መድኃኒቱን እይ ተባለች፤ እነሱን አየች። ልብ ካላየ ዓይን አያይም።"

እማማ ኤልዳና የጨበጡትን ብርጭቆ አዩት፤ እንፋሎቱ ገና ይወጣል። መሬት ላይ አኖሩት።

"እኔ እርጅና መስሎኝ ነበር" አሉ።

"እኔ ደግሞ የአገራችን ብርድ" አለ ከጎናቸው የተቀመጠው ሰው።

"እኔ ያልተናገርኩት አንቺ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ሶልያና" አለች ሌላዋ። ከዚያ አንዱ ካንዱ እየተከተለ ብርጭቆው ሁሉ መሬት ወረደ። አቶ ናሆም የመጨረሻው ነበሩ። አሥር ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ብዙ ጊዜ አዩ፤ አንገታቸውን ነቀነቁ።

ሶልያና አፈረች፤ ተናደደች፤ ወዲያው ደግሞ ሁለቱንም የሚውጥ ደስታ ከሆዷ ወጣ። ይታከማል። ባሏን ሦስት ሳምንት ብቻ ነው የፈጀበት፤ እጁ አሁንም ጉንጯ ላይ ነው።

"ያንን ቆርቆሮ የሚጠቀም ስንት እድር አለ?" አሉ ጋሼ ያፌት።

"በከተማው መቶ አርባ" አሉ አቶ ናሆም።

"በአገሩስ?"

ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሱ፤ ኮታቸውን አውልቀው ለእማማ ኤልዳና አስያዙ፤ እጅጌአቸውን ሰበሰቡ።

"ጥጥ አምጡልኝ" አሉ።